የዳኛ ጓንጉል ገንዳ የቀዘቀዘበት ክረምት

እኔ በኖርኩበት ከተማ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ችሎት ፊት አይቆሙም፤ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ከሳሽና ተከሳሽ ነጭ የአቡጀዲ ቀሚስ ለብሰው፣ በገንዳ ዳኛው ግቢ ካለው የሞቀ ገንዳ እስከ አንገታቸው ይነከራሉ። ዳኛውም አብሯቸው ይነከራል። የዕለቱ ነገር ሳያልቅ ማንም አይወጣም። ሥርዓቱን ያወጡት የጥንት ሰዎች «እርጥብ ሰው ማዕረጉ አይለይም» ብለው ነው ይባላል። ውሃውም ሠላሳ ስምንት ዲግሪ እንዲሆን ተጽፏል። እኔ ጸሐፊ ስለነበርኩ መዝገቤን ታቅፌ ከገንዳው አጠገብ በደረቅ ዱካ ላይ እቀመጥ ነበር። የምነግራችሁን አብዛኛውን ያየሁት ከዚያ ዱካ ላይ ሆኜ ነው፤ የቀረውን ትርንጎ ራሷ አጫውታኛለች።

ትርንጎ ኤሌክትሪክ ሠሪ ናት። በዚያ አገር የእጅ ሙያ የሚባለው ሦስት ደረጃ አለው። ከላይ አስረጂዎች አሉ፤ ሥራቸው የተበላሸውን ነገር ሳይነኩ ለምን እንደተበላሸ ማስረዳት ነው። ቀጥለው አረጋጋጮች ይመጣሉ፤ እነሱ ደግሞ ነገሩ ተሠርቷል ብለው ማኅተም ይመታሉ። ከሁሉ በታች ያሉት ጠጋኞች ናቸው፤ እነሱ ይጠግናሉ። ትርንጎ ከጠጋኞቹ ወገን ናት። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ካቻቪቴና ፒንሳዋን በወገቧ ታጥቃ የምትሄድ ሴት ነበረች። ሁለት ነገር ትጠላለች፤ እርጥብ እጅና ረጅም ማብራሪያ።

የዳኛ ጓንጉል ገንዳ የቀዘቀዘው ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዳኛው በዚያ ገንዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈርደዋል። መጀመሪያ እንደ ወጉ አስረጂ ታፈረ ተጠራ። ታፈረ ከገንዳው ሦስት እርምጃ ርቆ ቆመና ብርድ ከላይ እንደሚመጣ አስረዳ። በዚህ ምክንያት የመጠለያው ቆርቆሮ ተቀየረ። ውሃው ግን እንደቀዘቀዘ ቀረ። ታፈረ ተመልሶ መጣና ቅዝቃዜው ከባለጉዳዮቹ ልብ መሆኑን አስረዳ፤ ስለዚህ ባለጉዳዮች ከመግባታቸው በፊት ግቢውን ሦስት ጊዜ በሩጫ እንዲዞሩ ታዘዘ። ሮጡ። ውሃው እንዳለ ነው። በመጨረሻ አረጋጋጭ መጥቶ ጣቱን ነከረ፣ አንድ ጊዜ አስነጠሰውና «ሞቋል» የሚል ወረቀት ላይ ማኅተም መትቶ ገንዳው ላይ ለጠፈ። ዳኛ ጓንጉል ወረቀቱን አነበቡና ገቡ። ገብተው ወጡ። ወደ ቤት ሄደው ሁለት ጋቢ ደረቡ።

ትርንጎን ያስጠራቻት የዳኛው ሚስት ወይዘሮ ደብሪቱ ነች፤ ማንንም አላማከረችም።

ትርንጎ ሰኞ ጠዋት መጣች። ከሰላምታ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዋ ቆጣሪው ዘንድ ሄዳ ዋናውን ማጥፊያ መጣል ነበር።

«ሳታዪው አጠፋሽው?» አለች ደብሪቱ።

«ካጠፋሁት በኋላ ነው የማየው፣ እትዬ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ሳምንቱ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ካቻምናም ለብ ይል ነበር እንጂ እንደ ድሮው አልነበረም።»

ትርንጎ የውሃውን ከፍታ አየች፤ ልክ ነው። የዲግሪ ማዞሪያውን አየች፤ ሠላሳ ስምንት ላይ ነው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካክታ ማጥፊያውን መለሰችና ፓምፑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አዳመጠች። ፓምፑ ይሠራል፤ ግን ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ ያለከልካል። ውሃው ወደ ገንዳው በሚመለስበት ቀዳዳ እጇን ብታስጠጋ የሚመጣው የሕፃን ትንፋሽ ያህል ነው።

«ሂተሩ አይበራም» አለች። «ውሃ በደንብ ካልፈሰሰለት እንዳይበራ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ቢበራ ይቃጠላላ። አንድ ነገር መንገድ ዘግቷል። ውሃ የሚያጣራው ፊልትሮ የት ነው?»

ደብሪቱ ፊቷን ወደ ቤት አዞረች። ትርንጎ ግን አገኘችው። ከፓምፑ ጎን ያለው ክዳን ሦስት ጊዜ ቀለም ተቀብቶ ብሎኖቹ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆነዋል። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወዲህ እንዳልተከፈተ ለማወቅ ማስረጃ አያስፈልግም። ኃይሉን መልሳ አጥፍታ ግማሽ ሰዓት ታግላ ከፈተችውና ውስጥ ያለውን ጎትታ አወጣች። ዝናብ የመታው በግ ይመስል ነበር። በሳሙና ቁርጥራጭ፣ በቀሚስ ክር፣ በፀጉርና ምን እንደሆነ በማይታወቅ ግራጫ ነገር ተሸፍኗል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይሸታል፤ ሽታው የቅርንፉድ ነው።

በዚያ ከተማ ፀጉሩን በቅርንፉድ ቅባት የሚቀባ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ትርንጎዬ» አለች ደብሪቱ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ «መልሽው።»

«ለምን ብዬ?»

«አስቢው እስቲ። ባለጉዳይ መጥቶ ይሄዳል። ከዓመት ዓመት በየቀኑ የሚገባ ማን ነው? ፊልትሮው ቆሽሿል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ጸሐፊ እንኳ ያውቃል።»

ወደ እኔ ጠቆመች። አውቅ ነበር። እኔም ዱካዬን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብኩ።

ትርንጎ አልመለሰችውም። ያለ ፊልትሮ ፓምፑን ብታስነሳው ውሃው ተንፎለፎለ፤ ሂተሩም ከስንት ጊዜ በኋላ ቀጭ ብሎ በራ። ወዲያው ብሬከሩ ጣለ። አነሳችው፤ ጣለ። ሦስተኛ አላነሳችውም። ኃይሉን አጥፍታ ቴስተሯን አውጥታ ውሃውን የሚያሞቀውን የሂተር ኮይል ለካች። ውሃ እያነሰው ዓመታት የሠራ ኮይል ተሰንጥቋል። የመጀመሪያው በሽታ ሁለተኛውን ደብቆት ኖሯል፤ ሂተሩ ባለመብራቱ ነው እንጂ ገንዳው ሰው ይዞ ያስቀር ነበር።

ዳኛው ሳሎን ውስጥ በጋቢያቸው ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ታፈረ አጠገባቸው ነው። ትርንጎ እጇን ጠራርጋ በሩ ላይ ቆመች፤ እኔም መዝገቤን ይዤ ከኋላዋ ቆምኩ።

«ክቡርነትዎ፣ ሁለት ነገር አግኝቻለሁ» አለች። «ፊልትሮው በጣም ስለቆሸሸ ውሃ አያሳልፍም። የሂተሩ ኮይል ደግሞ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ያመልጣል። አዲስ ኮይል ፈልጌ እስክመጣ ብሬከሩን ማንም እንዳይነካው።»

ዳኛው ሁለተኛውን ነገር የሰሙት አይመስለኝም። የመጀመሪያው ላይ ቀርተዋል።

«ቆሽሿል» አሉ ቀስ ብለው።

«ቆሽሿል ያለች በማን እንደቆሸሸም ትናገር» አለ ታፈረ።

ትርንጎ ኋላ እንደነገረችኝ ያን ጊዜ «በጊዜ ብዛት» የሚለው መልስ ምላሷ ላይ ነበር። በጊዜ ብዛት ብትል ማንም አይከፋም ነበር፤ ጊዜ ዘመድ የለውም። ግን ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የመጣች፣ የደከማት፣ እጇ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸት ሴት ናት።

«በገባበት ሰው» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነበር። ዳኛን ቆሻሻ ማለት በአገሩ ሕግ ስድብ ነው። በስድብ የተፈረደበት ጠጋኝ መሣሪያውን አስረክቦ በከተማው ሽቦ ላይነካ ይምላል። ክስ ደግሞ የሚታየው በገንዳ ውስጥ ነው፤ የከተማው ገንዳም ያ አንድ ብቻ ነው። ገንዳው እስኪጠገን ክሱ ሊታይ አይችልም፤ ክሱ እስኪያልቅ ትርንጎ ገንዳውን እንድትነካ አይፈቀድላትም። ታፈረ ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት አስረዳ። ፊልትሮው እንደ ኤግዚቢት ጆንያ ውስጥ ገብቶ ታሸገ። ቀጠሮው ለሐሙስ ሆነ።

«በዚያ ቀን ውሃው እንደ ሕጉ እንዲሞቅ እኔ አደርጋለሁ» አለ ታፈረ። «ለመሆኑ ይኼ ብሬከር የምትይው ከማን ወገን ነው?»

«ከማንም ወገን አይደለም። ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ይቆርጣል።»

«በፈለገ ጊዜ ሥራ ያቋርጣል ማለት ነው። ጸሐፊ፣ ያዝልኝ።»

ያዝኩለት።

ትርንጎ ሦስቱን ቀን በደንብ አልበላችም። በሥራዋ እንጂ በዘመድ የምትኖር ሴት አይደለችም። መሣሪያዋን አልጋው ላይ ደርድራ ስታየው ዋለች፤ አንዳንዱን ከወጣትነቷ ጀምሮ ይዛዋለች። ጎረቤቶቿ መጥተው «ይቅርታ ጠይቂና ይለቅ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ የራሱን ነገር ማን ይሰማል?» አሏት። እሷም ይቅርታውን በልቧ ሞከረችው። «ፊልትሮው አልቆሸሸም» ብሎ መናገሩ አያቅትም ነበር። ያስቸገራት ከዚያ በኋላ ኮይሉን ለማን ትነግራለች የሚለው ነው። ስለ መጀመሪያው የዋሸች ሴት ስለ ሁለተኛው ብትናገር ማን ያምናታል? ረቡዕ ዕለት ኮይል ከሚሸጥበት ሄዳ አዲስ ኮይል ገዛች። ለምን እንደገዛች እሷም አላወቀችም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው በሰው ሞልቷል። ውሃው አሥራ አራት ዲግሪ ነበር፤ ካፊያም ይጥላል። ትርንጎ ቀሚሷን ለብሳ፣ በላዩም መሣሪያዋን ታጥቃ ስትገባ ታፈረ ከብሬከሩ ሳጥን ዘወር ብሎ እጁን ሲያራግፍ አየችው። ፊቱ ላይ ያለው ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የሠራ ሰው ኩራት ነው።

«ያን ሥራ አቋራጭ ብሬከር አልፌዋለሁ» አለ። «በአንዲት ቁራጭ ሽቦ። ከእንግዲህ አያቋርጥም። አሁኑኑ መሞቅ ይጀምራል።»

ዳኛ ጓንጉል ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው የገንዳው ጠርዝ ላይ ቆመዋል። የቀኝ እግራቸውን አንስተዋል።

«ክቡርነትዎ» አለች ትርንጎ፣ «እግርዎን ይመልሱ።»

ድምፅዋ አልጨመረም። ዳኛው ግን ችሎት ላይ መታዘዝ ያልለመዱ ሰው ናቸው፤ እግራቸው አየር ላይ እንዳለ ዞር ብለው አዩዋት። ያቺ ዞር ያሉባት ቅጽበት በቃቻት። በሦስት እርምጃ ቆጣሪው ዘንድ ደርሳ ዋናውን ማጥፊያ ጣለችው። ፓምፑ ዝም አለ።

«ችሎት ማወክ» አለ ታፈረ። «ጸሐፊ፣ ይኼንንም ያዝልኝ።»

«ቆይ» አለች ወይዘሮ ደብሪቱ ከበረንዳው። «ምን ልታደርግ እንደሆነ እንይ።»

ትርንጎ ከወገቧ አንድ አምፖል ከነሶኬቱ አወጣች፤ ሁለት ረጃጅም ሽቦ ተቀጥሎለታል። አንዱን ሽቦ ከቆጣሪው ሥር መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ላይ አሰረች፤ ሌላውን ገንዳው ውስጥ ጣለች። ሁሉም ከገንዳው እንዲርቅ አድርጋ፣ ዳኛውንም በክንዳቸው ይዛ በረንዳው ላይ አውጥታ ማጥፊያውን መለሰችው።

አምፖሉ በራ።

ውሃው አምፖል ሲያበራ ሕዝቡ አየ። ከኋላ የነበሩት ለማየት ገፉ፤ ከፊት የነበሩት ላለመቅረብ ወደ ኋላ ገፉ።

«ያ መብራት አሁን በውሃው ውስጥ ነው ያለው» አለች ትርንጎ። «እርስዎ ቢገቡ ኖሮ በእርስዎ ውስጥ ያልፍ ነበር።» መልሳ አጠፋችው።

ታፈረ ጉሮሮውን ጠረገ። ይህ መብራት ውሃው ለፍትሕ ያለውን ጉጉት የሚያሳይ መሆኑን ማስረዳት ጀመረ። ጥሩ አስረዳ፤ አንዳንድ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው አንተ ቅደምና ግባ» አለች ደብሪቱ።

«የእኔ ሥራ ማስረዳት ነው፣ እመቤቴ። መግባት የባለጉዳይ ነው።»

ዳኛ ጓንጉል ይህን ሲሰሙ ታፈረን አዩት። እንደዚያ ሲያዩት አይቼ አላውቅም።

ያም ሆኖ ችሎቱ መቅረት አልቻለም። ዳኛ ቀሚሱን ከለበሰ የዕለቱን ነገር ሳይሰማ ማውለቅ ክልክል ነው፤ አንድ የድሮ ዳኛ በዚህ ምክንያት በቀሚሳቸው እንደተቀበሩ ይነገራል። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩና ሕጉን እንዳነብ ጠየቁኝ። አነበብኩ። «ውሃው ሠላሳ ስምንት ይሆን ዘንድ ይገባል» ይላል እንጂ ካልሆነ ምን እንደሚደረግ አይልም። ይህን ሳነብ ትርንጎ የታፈረን ሽቦ ከብሬከሩ ላይ በፒንሳ ቆርጣ ጣለች፤ የቆጣሪውን ሳጥን ቆልፋ ቁልፉን ለደብሪቱ ሰጠች፤ መታጠቂያዋን ፈትታ መሣሪያዋን የገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ገባች። አሥራ አራት ዲግሪ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቷ ገባች፤ ከንፈሯ ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ዝግጁ ነኝ» አለች።

ዳኛው ምርጫ አልነበራቸውም። ገቡ። ሲገቡ ያወጡትን ድምፅ መዝገብ ላይ አልጻፍኩትም።

ከሳሽ ዳኛው ራሳቸው ስለሆኑ ታፈረ ወክሎ ተናገረ፤ ከደረቅ ቦታ ሆኖ። ዘጠኝ ገጽ ጽፎ ነበር። በሞቀ ውሃ ጊዜ ዳኛ ጓንጉል እንዲህ ያለ ንግግር ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጭንቅላታቸውን ጠርዙ ላይ አስደግፈው እስከ ምሳ ይሰሙት ነበር። አንድ የአጥር ክርክር በዚያ ገንዳ አራት ዓመት ፈጅቷል፤ ከተከራካሪዎቹ አንዱ በመሃል የጡረታ ጊዜው ደርሷል። አሁን ግን ታፈረ ሁለተኛውን ገጽ ሳይገልጥ የዳኛው ጥርስ መንቀጫቀጭ ጀመረ።

«አሳጥረው» አሉ።

«ክቡርነትዎ፣ ለማሳጠር መጀመሪያ የቆሻሻን ምንነት…»

«አሳጥረው አልኩህ። ጥያቄው ምንድን ነው?»

«ጥያቄው፣ ቆሻሻው የማን ነው የሚለው ነው። እኔ እንደማስረዳው ቆሻሻው የሕዝቡ ነው። ሕዝቡ ይዞት መጥቶ እዚህ ትቶት ሄዷል።»

ሕዝቡ እርስ በእርሱ ተያየ። ያልበላው ዕዳ የተቆጠረበት ሰው ይመስል ነበር።

«ተከሳሽ» አሉ ዳኛው፣ «የምትይው አለሽ?»

ትርንጎም ትንቀጠቀጥ ነበር። «የለኝም፣ ክቡርነትዎ። ኤግዚቢቱን ያሽትቱት።»

ጆንያውን ያመጣችው ደብሪቱ ነች። ማኅተሙን ራሷ ቀድዳ ፊልትሮውን አውጥታ በባሏ አፍንጫ ሥር ያዘችው። ሦስት ቀን ታፍኖ የከረመ ቅርንፉድ ነው። እኔ ያለሁበት ድረስ መጣ። የግቢው አጥር ላይ የተቀመጡት ድረስም መጣ። ከሕዝቡ ውስጥ አንድም ሰው አልሳቀም፤ ይህን ለከተማው ክብር ስል መዝግቤዋለሁ።

ዳኛ ጓንጉል ሽታውን አንድ ጊዜ ሳቡ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ወደ ሚስታቸው ቀና ብለው ተመለከቱ፤ ደብሪቱም መልሳ አየቻቸው፤ ብዙ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ያለ ቃል የሚባባለውን ተባባሉ።

«የእኔ ነው» አሉ።

ብዕሬን አንስቼ ቆምኩ። «ክቡርነትዎ፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው?»

«እንዳልኩህ ጻፈው። የእኔ ነው። ተከሳሽ በነፃ ትሂድ። አውጡኝ።»

ታፈረ ወደ ፊት ቀረበ። «ክቡርነትዎ ‹የእኔ ነው› ያሉት በአደራ ጠባቂነት ትርጉም መሆኑን…»

«ታፈረ» አሉ ዳኛው ሁለት እጃቸው በሰው ተይዞ፣ አንድ እግራቸው ውሃው ውስጥ እንዳለ፣ «ግባና አስረዳ።»

ታፈረ ሌላ ቦታ እንደሚጠበቅ ትዝ አለው።

ችሎቱ የፈጀው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። በመዝገቤ ከዚያ ያጠረ የለም። ትርንጎ ልብሷን ለውጣ፣ ደብሪቱ ባመጣችላት አጥሚት ተሟሙቃ፣ መሣሪያዋን መልሳ ታጠቀችና ኃይሉ እንደጠፋ ያን የገዛችውን ኮይል እዚያው ገጠመችው። ሠርታ ስትጨርስ በቴስተር ለካች፤ ኃይሉን መልሳ ብሬከሩን አነሳችው፤ አልጣለም። ውሃውን በአምፖሉም ሞከረች፤ አልበራም። ቅዳሜ ጠዋት ውሃው ሠላሳ ስምንት ደረሰ።

የከተማው ሹማምንት ነገሩን በዝምታ አላለፉትም። የአስረጂዎች ማኅበር ሰኞ ዕለት ባወጣው ማሳሰቢያ «የእኔ ነው» የሚለው አነጋገር ብርድ ሲበረታ የሚከሰት ሕመም መሆኑን አስረዳና የሌሎች ከተሞች ዳኞች እንዳይያዙ ወፍራም ካልሲ እንዲያደርጉ መከረ። አረጋጋጮችም መጥተው ፊልትሮውን መረመሩና «ቆሽሾ አያውቅም፤ አሁን ግን ጸድቷል» የሚል ማኅተም መቱበት። ጸድቶ ግን አልነበረም። ገና ጆንያው ላይ እንደተጋደመ ነው።

ማን ይጠበው የሚለው አንድ ሳምንት አነጋገረ። ለጠጋኝ ክልክል ነው፣ ኤግዚቢት ነውና። ለአረጋጋጭ አይሆንም፣ ጸድቷል ብሏልና። በስምንተኛው ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል ዳኛ ጓንጉል እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ጓሮ ወጡ። በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ባልዲ አስቀረቡ፣ ሳሙና ያዙ። አጥር ላይ ሰው ተንጠለጠለ። እሳቸው ግን ቀና አላሉም። አያያዙን ስለማያውቁት ውሃው ፊታቸው ላይ ይረጫል።

ትርንጎ የብሬከሩን ሳጥን ልታይ መጥታ ነበር። አጠገባቸው ቆም ብላ «ወደ ውስጥ አይሹት፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው ውሃ የሚለቀቅበት» አለቻቸው።

ዳኛው እንዳለችው አዞሩት። ግራጫው ነገር በእጃቸው ላይ እየተላቀቀ መውረድ ጀመረ። ለረጅም ጊዜ አሹ።

«በስንት በስንት ጊዜው ነው የሚታጠብ?» አሉ በመጨረሻ።

«በየወሩ ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«በየወሩ።» ወገባቸውን ቀና አድርገው ባልዲው ውስጥ ያለውን ውሃ ተመለከቱ። «እስከ መቼ ድረስ?»

ትርንጎ ጥያቄው እውነተኛ መሆኑን አይታ መልሱን ትንሽ አሰበችበት።

«ውሃው ውስጥ እስከገቡ ድረስ» አለቻቸው።

ዳኛ ጓንጉል ባልዲውን ደፍተው ሌላ ውሃ አስመጡና ያልታጠበውን ወገን ገልብጠው ያዙ።